የቀረው ኩላሊት ማደጉ ሕመም አይደለም

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት መምህርት ስሆን የምኖረው ደሴ ነው። ለረጅም ጊዜ ግራ ጎኔን ያመኝ ነበር፤ ብርድ ነው እየተባልኩ፣ ሲብስብኝም ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ እየገዛሁ ቆየሁ። ባለፈው ወር በአልትራሳውንድ ስታይ የግራው ኩላሊቴ የሽንት መውረጃ በጠጠር ተዘግቶ እንደኖረና ኩላሊቱም ሥራ እንዳቆመ ተነገረኝ። የቀኙ ደግሞ 12.8 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ‹አድጓል› ተብሎ ተጽፏል። የክሪያቲኒን ውጤቴ 1.1 ነው፤ ሽንቴ ላይ ፕሮቲን አልተገኘም፤ የደም ግፊቴም 118/76 ነው። ሐኪሙ ‹አትጨነቂ፣ ቀኙ አካክሶልሻል› አሉኝ፤ ወረፋው ብዙ ስለነበር ግን ዘርዝረው ሊያስረዱኝ ጊዜ አልነበራቸውም። እናቴ ‹ከጥማዱ አንዱ ከሞተ ሌላው በሬ ብቻውን አያርስም› እያለች ታለቅሳለች። የቀኙ ማደጉ እሱም መታመሙን ያሳያል? ለስንት ዓመትስ ይበቃኛል? ካገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ መውለድ እችላለሁ? ዐቢይ ጾምንስ መጾም እችላለሁ? የግራውስ መውጣት አለበት?»

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀዎት የመጀመሪያው ጥያቄ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። የቀኙ ኩላሊትዎ ማደጉ የመታመሙ ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም ማደግ ሲገባው ሳያድግ ቢቀር ነበር ይበልጥ የምንጨነቀው። የጤናማ ዐዋቂ ሰው ኩላሊት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ጓደኛው ሥራ ያቆመበት ኩላሊት ከዚህ ጥቂት አልፎ 12.8 ላይ መገኘቱ፣ ውስጡ ደህና እስከሆነና ሽንትም ሳይታገድ እስከወረደ ድረስ፣ ሐኪምዎ እንዳሉት ማካካሻ ነው። ኩላሊት በሌላ ምክንያትም ሊተልቅ ይችላል፤ ሽንት ታግዶበት ሲወጠር ወይም በውስጡ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ሲበዙበት ይተልቃል። እንዲህ ያለውን ግን አልትራሳውንዱ ለይቶ ያሳያል፤ እርስዎ በገለጹልን ውጤት ላይም አልተጠቀሰም።

እናትዎ የጠቀሱት ምሳሌ ለእርሻ እውነት ነው፤ ለኩላሊት ግን አይሆንም። ሁለት በሬዎች አንድ ቀንበር ተሸክመው አንድ ሞፈር ይጎትታሉ፤ አንዱ ሲጎድል ሥራው ይቆማል። ኩላሊቶች ግን እያንዳንዳቸው ደም ከሚገባበት እስከ ሽንት የሚወጣበት ድረስ ሙሉውን ሥራ ለብቻቸው የሚሠሩ ናቸው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ኔፍሮን የሚባሉ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ይሄዳል፤ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ተጣርቶ ከዚያ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ሽንት ሆኖ ይወጣል፤ የቀረው ወደ ደም ይመለሳል። ይህ አቅም ለዕለት ኑሮ ከሚያስፈልገው እጅግ የሚበልጥ ነው፤ ሰው በአንድ ኩላሊት ሙሉ ዕድሜውን መኖር የሚችለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ በሕክምና ታሪክ በተግባር የታየው ከ150 ዓመት በፊት ነው። በጀርመን የሃይድልበርግ ከተማ ቀዶ ሐኪም የነበረው ጉስታቭ ሲሞን፣ የሽንት ቱቦዋ ተጎድቶ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስሳትን አንዲት ሴት ለመርዳት አንዱን ኩላሊት ማውጣት ብቸኛው መፍትሔ እንደሆነ ቢረዳም፣ ሰው ከዚያ በኋላ በሕይወት ይኖር እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚነግረው አላገኘም። ስለዚህ አስቀድሞ በውሾች ላይ ሞከረ፤ ውሾቹ በሕይወት እንደሚኖሩ፣ የቀረው ኩላሊታቸውም እያደገ እንደሚሄድ አየ። ነሐሴ ወር 1869 (እ.ኤ.አ.) ሴትየዋን ቀዶ አንዱን ኩላሊት አወጣ፤ እርሷም ዳነች። እርስዎን ያስደነገጠዎት የአልትራሳውንድ ግኝት ለዚያ ሐኪም ድፍረት የሰጠው ነገር ነበር።

ማካካሱ የሚጀምረው ከደም ሥር ነው። አንዱ ኩላሊት ሲቆም በሌላው ውስጥ ወደ እያንዳንዱ ማጣሪያ ደም የሚያስገባው ቀጭን የደም ሥር በቀናት ውስጥ ይሰፋል፤ የሚገባው ደም ይበዛል፣ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፣ እያንዳንዱ ኔፍሮንም ቀድሞ ያጣራ ከነበረው የበለጠ ያጣራል። ከዚያ በሳምንታትና በወራት ውስጥ የተጣራውን ፈሳሽ ተቀብለው የሚጠቅመውን ወደ ደም የሚመልሱት የቱቦ ሕዋሳት በመጠን ይገዝፋሉ። ኩላሊቱ በአልትራሳውንድ ረዝሞና ወፍሮ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ኔፍሮን ግን አይፈጠርም፤ የኔፍሮን መፈጠር በእናት ማሕፀን በ36ኛው ሳምንት አካባቢ አብቅቷል። የቀሩት ያሉት አንድ ሚሊዮን ናቸው፤ የሠራተኛው ቁጥር ሳይጨምር የእያንዳንዱ ጉልበት ጨመረ ማለት ነው። ከሺህ ሰው አንዱ ያህል በአንድ ኩላሊት ብቻ እንደሚወለድና ብዙዎቹም ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ እስኪነሡ ድረስ ይህን ሳያውቁ እንደሚኖሩ ቢያውቁ ይረጋጋሉ ብዬ አስባለሁ። በእርስዎ ላይ የሆነው ደግሞ ቀስ በቀስ የመጣ ነው፤ ግራው ሲዳከም ቀኙ በዚያው ልክ እየተረከበ ስለሄደ ፊትዎም እግርዎም አላበጠም፣ የሽንትዎም መጠን አልቀነሰም። የተሰማዎት የጎን ሕመም ብቻ ነው፤ እርሱንም ብዙ ሰው ብርድ ነው ብሎ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ምክንያቱም 1.1 የሚለውን ውጤት «ደህና ነው» ብሎ ማለፍ ብቻ አይበቃም። ክሪያቲኒን ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወግደው ተረፈ ነገር ነው፤ ማጣራቱ ሲቀንስ በደም ውስጥ ይበዛል። ሁለት ጤናማ ኩላሊት በአንድ ደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ያጣራሉ ብንል፣ አንዱ በቀዶ ሕክምና በወጣ ጊዜ አቅሙ ወደ 50 ይወርዳል፤ የቀረው ሲያካክስ ግን ብቻውን ወደ 70 ይደርሳል። ወደ 100 አይመለስም፤ መመለስም አይጠበቅበትም። የእርስዎ 1.1 ከዕድሜዎና ከጾታዎ ጋር ሲሰላ 68 አካባቢ ይሰጣል፤ ይህም በደንብ ካካሰ አንድ ኩላሊት የምንጠብቀው ነው። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ ስለሆነ ያው 1.1 ለአንድ ግዙፍ ወንድ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ይህ ቁጥር የእርስዎ መነሻ መሆኑን ያዙልኝ። ወደፊት ሌላ ሐኪም 68 የሚለውን ብቻ አይተው «ኩላሊትሽ እየደከመ ነው» ቢሉዎት፣ የዛሬውን ወረቀት አውጥተው ያሳዩአቸው። በተቃራኒው ደግሞ ውጤቱ 1.4 ወይም 1.5 ቢሆን፣ «ትንሽ ብቻ ነው ያለፈው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ ለእርስዎ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

«ለስንት ዓመት ይበቃኛል?» ለሚለው እውነቱን ሳልሸፋፍን ልንገርዎ። ብዙ መሥራት በራሱ ኩላሊትን ያደክማል የሚለው ሥጋት ከባዶ የመጣ አይደለም። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ከሁለቱ ኩላሊቶች አምስት ስድስተኛው ሲወገድ የቀረው ትንሽ ክፍል ከአቅሙ በላይ ሲያጣራ ቆይቶ ጠባሳ እያበጀ እንደሚሄድ ታይቷል። ነገር ግን ግማሽ ማጣትና አምስት ስድስተኛ ማጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሰው የተሻለው ምስክር አንድ ኩላሊታቸውን የለገሱ ሰዎች ናቸው። በታኅሣሥ ወር 1954 (እ.ኤ.አ.) ቦስተን ውስጥ በዶክተር ጆሴፍ መሪ መሪነት በተደረገው የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ለመንትያ ወንድሙ ኩላሊቱን የሰጠው ሮናልድ ሄሪክ ከዚያ በኋላ 56 ዓመት ኖሮ በ79 ዓመቱ ነው ያረፈው። በአገራችንም ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ለዘመዶቻቸው ኩላሊት የለገሱ ሰዎች በቀረው ኩላሊታቸው ሥራቸውን እየሠሩ ይኖራሉ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት እንደገመተው፣ በዕድሜ ልካቸው ኩላሊታቸው ፈጽሞ ደክሞ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ የሚያስፈልጋቸው ከ10,000 ለጋሾች 90 ያህሉ ናቸው፤ እንደ እነርሱ ጤነኛ ሆነው ካልለገሱ 10,000 ሰዎች ደግሞ 14 ያህሉ ናቸው። አደጋው ይጨምራል፣ ከ100 ሰዎች 99ኙን ግን አይደርስባቸውም። ለጋሾች ግን ተመርጠውና ተመርምረው የተወሰዱ ሰዎች ናቸው፤ እርስዎ ደግሞ ጠጠር የሚያበጅ ሰውነት አለዎት። የለጋሾቹን ቁጥር እንዳለ ወስጄ «ይኸው ነው» ልልዎ የማልችለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የሚፈራው ኩላሊቱ ተጨማሪ ሥራ መሥራቱ ሳይሆን ከውጭ የሚመጣበት ጉዳት ነው። ጉዳቱም ቀድሞ የሚታወቀው በሦስት ምርመራ ነው፦ የደም ግፊት፣ በሽንት ውስጥ ያለ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን፣ እና ክሪያቲኒን። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ግን በየስድስት ወሩ ቢያሠሯቸው ደስ ይለኛል። የደም ግፊቱ ከ130/80 በታች ይሁን። አልቡሚኑን በተለመደው የሽንት ወረቀት ብቻ ሳይሆን በመጠን በሚለካው ምርመራ ያሠሩ፤ በአንድ ግራም ክሪያቲኒን ከ30 ሚሊ ግራም በታች መሆን አለበት። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት መብዛቱን መጀመሪያ የሚናገረው እርሱ ነው፣ ክሪያቲኒን ገና ሳይነቃነቅ። አልቡሚን ከታየም ያንን ግፊት የሚቀንሱ፣ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኙ መድኃኒቶች አሉ።

ከጉዳቶቹ ሁሉ በእጅዎ ያለው የማስታገሻው ነገር ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመም የሚያስታግሱት ሰውነት የሚያመነጫቸውን አንዳንድ ንጥረ ነገሮች በማገድ ነው፤ እነዚያው ንጥረ ነገሮች ግን ወደ ማጣሪያው ደም የሚያስገባውን የደም ሥር ከፍተው የሚይዙ ናቸው። ኩላሊትዎ ለማካካስ ያሰፋው ይኸው የደም ሥር መሆኑን ያስታውሱ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ይዞዎት ውኃ ባነሰዎት ቀን አንድ የዳይክሎፌናክ መርፌ መወጋት ኩላሊቱን በአንድ ጊዜ ሊያዳክመው ይችላል። ለራስ ምታት፣ ለወር አበባ ሕመም፣ ለትኩሳት በታዘዘው መጠን ፓራሲታሞል ይውሰዱ። የትኛውም መድኃኒት ቤት፣ የትኛውም ክሊኒክ ሲገቡ ከሁሉ በፊት «የሚሠራልኝ አንድ ኩላሊት ብቻ ነው» ብለው ይናገሩ፤ ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችለው ጀንታማይሲን የተባለ የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ሲታዘዝልዎም ሆነ ለሲቲ ስካን በደም ሥር መድኃኒት ሊሰጥዎ ሲል ይህ ዓረፍተ ነገር ሐኪሙን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። ስለ ባህል መድኃኒት አልጠየቁኝም፤ ኩላሊቷን ያመማት ሰው ጎረቤት «ይህን ቀቅለሽ ጠጪ» ሳይላት እንደማይቀር ስለማውቅ ግን ላንሣው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በቤልጂየም ብራስልስ ክብደት ለመቀነስ አሪስቶሎኪያ የተባለ ዕፅ ያለበት እንክብል የወሰዱ ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸው ፈጽሞ ወድሞ ለእጥበት ተዳርገዋል። ዕፅዋት ሁሉ መርዝ ናቸው አልልም፤ መጠኑና ይዘቱ ያልታወቀን ነገር ግን ብቸኛ ኩላሊትዎ ላይ አይሞክሩ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጠጠሩ ነው። አንድ ጊዜ ጠጠር ያበጀ ሰው እንደገና ማበጀቱ የተለመደ ነው፤ ሁለት ኩላሊት ያለው ሰው አንዱ በጠጠር ቢዘጋበት ከባድ ሕመም ያመዋል፣ ሌላው ግን ያሸናዋል። የእርስዎ ቀኝ ኩላሊት መውረጃ ከተዘጋ ግን ሽንት ፈጽሞ ይቆማል። ስለዚህ በቀኝ ጎንዎ ድንገተኛ ኃይለኛ ሕመም ከተሰማዎት፣ ወይም ከግማሽ ቀን በላይ ሽንት ከጠፋብዎት፣ ወይም ከጎን ሕመም ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣብዎት፣ ሌሊትም ቢሆን ሳያሳድሩ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ማስታገሻ ወስደው እስኪነጋ አይጠብቁ። መዘጋቱ በጊዜው ከተከፈተ ኩላሊቱ ይመለሳል፤ በሳምንታት ከዘገየ የማይመለስ ነገር ይኖራል። ለባለቤትዎም ይህን አሁኑኑ ይንገሯቸው፤ ሕመሙ ሲጠና ውሳኔው በእርሳቸው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ውኃ በብዛት መጠጣት የሚመከርዎም ለዚሁ ለጠጠሩ ነው እንጂ ኩላሊቱን ለማሳረፍ አይደለም። በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር የሚሆን ሽንት የሚያሸናዎትን ያህል ይጠጡ፤ ሽንትዎ ነጣ ብሎ ከታየ በቂ ነው። ብዙ መምህራን የትምህርት ቤት መጸዳጃ ስለማይመቻቸው ከጠዋት እስከ ምሳ ውኃ እንደማይቀምሱ ዐውቃለሁ። በየክፍለ ጊዜው መካከል ጥቂት መጠጣትና ሽንትን ሳይዙ መውጣት ለእርስዎ የሕክምናው ክፍል ነው፤ አስፈላጊ ከሆነ ርእሰ መምህሩን ያስፈቅዱ። ስለ ዐቢይ ጾም የጠየቁትም መልሱ እዚሁ ነው። ከሥጋና ከወተት መከልከሉ ኩላሊትዎን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ውኃ ሳይጠጡ መዋሉ ነው። የሕመምዎን ሁኔታ ለንስሐ አባትዎ ያስረዱና ውኃ እየጠጡ የሚጾሙበትን መንገድ ከእርሳቸው ጋር ይምከሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምታደርገውን እርሳቸው ያውቃሉ። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ የሚገባውንም ቆጥረው ማለቴ ነው። ጠጠሩ ካልሲየም ኦክሳሌት ከሆነ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ለውዝ ይቀንሱ። ወተትን ግን ጠጠር ያበጃል ብለው ፈርተው አይተዉ። ምስር፣ ሽሮና ሥጋን በተለመደው ልክ መብላት ይችላሉ።

ስለ መውለድ የጠየቁትን በደስታ ነው የምመልሰው፤ አዎን፣ ይችላሉ። የደም ግፊትዎ ደህና ከሆነ፣ ሽንትዎ ላይ ፕሮቲን ከሌለና ክሪያቲኒንዎ ባለበት ከቆየ አንድ ኩላሊት ለእርግዝና ክልከላ አይደለም። ሁለት ኩላሊት ያላት ነፍሰ ጡር ኩላሊቶቿ ከተለመደው በግማሽ ያህል ጨምረው ያጣራሉ፤ የእርስዎም ቀኝ ኩላሊት ካካሰ በኋላ ለዚህ የሚሆን ተጨማሪ አቅም አለው። በካናዳ ኦንታሪዮ ኩላሊት ለግሰው በኋላ ያረገዙ ሴቶች ሲጠኑ፣ ከመቶ 11ዱ የእርግዝና ደም ግፊት ወይም ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ከፍ ብሎ ብዙውን ጊዜ ሽንት ላይ ፕሮቲን የሚታይበት ሕመም) ገጥሟቸዋል፤ ካልለገሱት ደግሞ ከመቶ 5ቱ። ሕፃናቱ ያለጊዜያቸው በመወለድ ረገድ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ የእርግዝና ክትትልዎን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሆስፒታል ይጀምሩ፤ በየቀጠሮው የደም ግፊትና የሽንት ፕሮቲን ይታይልዎ፤ የሽንት ኢንፌክሽን ምልክት ባይኖርዎም ሽንትዎ ይመርመር። ፕሪኤክላምፕሲያን ለመከላከል አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ከ16ኛው ሳምንት በፊት መጀመር ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ በራስዎ ግን አይጀምሩት። በመካከሉ ኢናላፕሪል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ከታዘዘልዎ፣ ማርገዝ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይንገሩ፤ ለፅንሱ አደገኛ ነው።

የቀረው የግራው ጉዳይ ነው። ሥራ ያቆመ ኩላሊት ዝም ካለ በቦታው ሊቀመጥ ይችላል። የሚወጣው በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ሲያመጣ፣ መግል ሲቋጥር፣ ሕመሙ አላስቀምጥ ሲል ወይም የደም ግፊትን የሚጨምር ንጥረ ነገር ሲያመነጭ ነው፤ የእርስዎ 118/76 በዚህ በኩል መልካም ምልክት ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይጣራ። አልትራሳውንድ የኩላሊትን መጠንና ቅርጽ እንጂ ሥራውን አይለካም። የእያንዳንዱን ኩላሊት ድርሻ በመቶኛ የሚለካ የኒውክሌር ምርመራ አለ፤ ድርሻው ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ አይጠቅምም ይባላል። አንዳንድ ጊዜም መዘጋቱ በቱቦ ተከፍቶ ለጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ጥቂት አቅም የሚመለስበት ጊዜ አለና። ይህን ሁሉ የሚወስነው የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪም ስለሆነ፣ የአልትራሳውንዱን ወረቀትና የላቦራቶሪ ውጤቶቹን ሁሉ ይዘው ወደ እርሱ የሚያስተላልፍ ሪፈር ይጠይቁ። በቀኙ ኩላሊት ውስጥ ትንሽም ቢሆን ጠጠር መኖር አለመኖሩ በዚያው ይታይልዎ፤ ካለም ከማርገዝዎ በፊት ይታከም።